በጋቢ፣ በወንበርና በግድግዳ የምሠራው ዮጋ

ዮጋ ስጀምር የሠራሁት ትልቁ ስሕተት የእጄን ጣት መሬት ማስነካትን ግብ ማድረጌ ነው። ጉልበቴን ገትሬ ወደ ፊት አጎነብሳለሁ፣ እጄ ይወርዳል፣ ጀርባዬ ይጎብጣል፤ በማግስቱ የሚያመኝ ግን ወገቤ ነው። የጭን ጀርባ ጡንቻዎች ከላይ የሚያያዙት ስንቀመጥ ከሚጫነን የዳሌ አጥንት ጋር ነው። ጡንቻው ካጠረ ዳሌን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀረዋል፤ ዳሌ ካልዞረ ደግሞ የቀረውን መታጠፍ ሁሉ ወገብ ይሸከመዋል። አሁን መጀመሪያ ሆዴ ጭኔን እስኪነካ ድረስ ጉልበቴን አጥፋለሁ። ከዚያ እግሬን ቀስ እያልኩ እዘረጋለሁ፤ ሆዴ ከጭኔ መላቀቅ ሲጀምር እዚያው እቆማለሁ። ጣቴ የት እንደደረሰ አላይም።

ፓታንጃሊ የተባለ የጥንት ሕንዳዊ ሊቅ ጻፈው በሚባለው የዮጋ ሱትራ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 2 ቁጥር 46 ላይ ስለ አቀማመጥ የተጻፈው ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ ስቲራ፣ ሱካም፣ አሳናም። አቀማመጥ የጸናና የተመቸ ይሁን ማለት ነው። ስለ መተጣጠፍ አንድም ቃል የለበትም። በሕንድ ፑኔ ከተማ ዮጋ ያስተምር የነበረው ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ ቀበቶና ግድግዳ ለተማሪዎቹ መደገፊያ ያደረገው በዚሁ መንፈስ ነው። እኔ ለዚህ የተለየ ዕቃ አልገዛሁም። ብርድ ልብሱ ጋቢ ነው፣ ቀበቶው ነጠላ ነው።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል፤ ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ወንበሩ አራት እግር ያለው እንጨት ወይም ብረት ሆኖ ጀርባው ግድግዳ ይንካ። የፕላስቲክ ወንበር ሰው ሲደገፍበት እግሩ ይከፈታል፣ በሴራሚክ ላይም ይንሸራተታል። ተቀምጣችሁ እግራችሁ መሬት በደንብ ካልረገጠ ወፍራም መጽሐፍ አስገቡበት። ሰሌንም ሆነ የታጠፈ ጋቢ በልሙጥ ወለል ላይ ስለሚሸሽ ለጉልበትና ለመቀመጫ እንጂ ለመቆሚያ አይሆንም፤ ስትቆሙ ካልሲ አውልቃችሁ ባዶ ወለል ርገጡ።

የምሠራው ጠዋት ከቁርስ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ነው። ከምሳ በኋላ ከሆነ ቢያንስ 2 ሰዓት እጠብቃለሁ። እስከ ከሰዓት በምጾምባቸው ቀናት ከተኛሁበትና ከተቀመጥሁበት የማልነሣባቸውን እንቅስቃሴዎች ብቻ እመርጣለሁ፤ በባዶ ሆድ ቶሎ ጎንበስ ቀና ማለት ያዞራል።

መጀመሪያ በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ 10 ጊዜ እተነፍሳለሁ። በአፍንጫ፣ ሲገባ እስከ 4 ሲወጣ እስከ 6 እየቆጠርሁ። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለበት ቦታ ቁጥሩን ለመሙላት ትንፋሽ መያዝ ደግ አይደለም፤ አየር ያጠረው ሰው 3 እና 4 ያድርገው። ትከሻ ወደ ጆሮ ከተነሣ ሰውዬው አየር እየጎተተ ነው፤ እጅን ሆድ ላይ አሳርፎ ሆዱ እጁን ሲያነሣው ማድመጥ ይበቃል።

ቀጥሎ በእጅና በጉልበት ተንበርክኬ ትንፋሽ ሳስወጣ ጀርባዬን እንደ ድመት አጎብጣለሁ፣ ሳስገባ ደረቴን እከፍታለሁ፤ 6 ወይም 8 ጊዜ። እንቅስቃሴው ከጭራ አጥንት ይጀምርና አንገት የመጨረሻ ይሁን። አንገት ከቀደመ ሥራው ሁሉ ማጅራት ላይ ይቀራል። የእጅ አንጓ የሚያመው ሰው እጁን ጨብጦ በጡጫው ይደገፍ፣ ወይም ክርኑንና ክንዱን ወንበር ላይ ያሳርፍ።

ከዚያ ተነሥቼ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ እራመዳለሁ፤ ጀርባዬና እጄ አንድ መስመር ሲሆኑ፣ ጉልበቴን ላላ አድርጌ 5 ትንፋሽ እቆያለሁ። እጅና እግር መሬት ረግጦ መቀመጫን ወደ ላይ በማንሣት ከሚሠራው የውሻ አቋም ጀርባን በዚህኛው ይበልጥ ማርዘም ይቻላል፤ ክብደቱ አንጓና ትከሻ ላይ አይወድቅምና።

ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠምዘዝ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። እጅ የወንበሩን ጀርባ ይዞ ሲጎትት ከጎን አጥንቶችና ከወገብ አቅም በላይ ይጠመዝዛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ያለ እጅ፣ ትንፋሽ እየወጣ እምብርትን፣ ቀጥሎ ደረትን፣ በመጨረሻ ፊትን አዞራለሁ። እጄን የማሳርፈው በራሴ ኃይል ከደረስሁ በኋላ ነው፤ ለማረፍ ብቻ። አንዱ ጎኔ ከሌላው ይልቅ ጠበቅ ይላል። ለእሱ የምጨምርለት አንድ ትንፋሽ ነው፣ ጉልበት አልጨምርበትም።

እግር አጣጥፎ መቀመጥን በተመለከተ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ሰው ራሱን የሚወቅሰው በዚህ ስለሆነ። የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት የዳሌ ጉድጓድ ጥልቀቱና አቅጣጫው፣ የጭን አጥንቱም አንገት ማዕዘን ከሰው ሰው ይለያያል። አጥንት ከአጥንት ሲገናኝ መንገዱ እዚያ ያበቃል፤ ያደገን ሰው አጥንት ምንም ያህል መለጠጥ ቅርጹን አይለውጠውም። ዳሌ ያልዞረውን ጉልበት እንዲዞር ካስገደድነው ደግሞ ጉዳቱ ጉልበት ላይ ይወድቃል። መለያው የት እንደሚሰማ ነው። በዳሌ ውጭ በኩል ሰፋ ብሎ የሚሰብ ስሜት የጡንቻ ነው፤ በብሽሽት በኩል የሚቆነጥጥ ወይም ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ከሆነ ፈታ ማለት ይገባል። እኔ ጋቢዬን አጣጥፌ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጉልበቶቼ ከዳሌዬ ዝቅ ሲሉ ወገቤ ያለ ልፋት ይቀናል። በዚህም ያልተመቸው ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ምንም የሚጎድልበት ነገር የለም።

ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ የሚደርሰው ወገብ ሕመምም ከዚሁ ጋር አንድ ነው። በርጩማው አጭር ስለሆነ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ ዳሌ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ጀርባ ይጎብጣል። የታጠፈ ነጠላ በመቀመጫው ኋለኛ ግማሽ ላይ አድርጎ እግርን ሰፋ መክፈት ብዙ ያግዛል። ምጣድ ፊት ለፊት ለረጅም ጊዜ ስቆምም ክብደቴን በተረከዝ፣ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት ሥር አካፍላለሁ፤ ጉልበቴን ወደ ኋላ አልቆልፍም።

መጨረሻ ላይ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ 5 ደቂቃ እቆያለሁ። ጎኔን ከግድግዳው አስጠግቼ እቀመጥና ወደ ጀርባዬ እየተንከባለልሁ እግሬን አወጣለሁ። የጭን ጀርባው ጥብቅ የሆነ ሰው መቀመጫውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቅ፤ አለበለዚያ ወገቡ ከመሬት ይነሣል። ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ያለበት ይህን ይተወው፣ ባቱን ወንበር ላይ አሳርፎ ይተኛ፤ ሐኪሙንም ይጠይቅ። ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷ ከገፋ በኋላ በጀርባ ሳይሆን በግራ ጎኗ ትረፍ። አጥንቱ የሳሳ ሰው ጀርባ የሚያጎብጡትን ሁሉ ይለፍ።

በእንቅስቃሴው ሁሉ መለኪያዬ መንጋጋና ትንፋሽ ናቸው። መንጋጋዬ ጥብቅ ካለ ወይም ትንፋሼ ከተያዘ ከደረስሁበት ግማሹን እመለሳለሁ። መስታወት ፊት አልሠራም፤ መስታወት ቅርጽን እንጂ ትንፋሽን አያሳይም። ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ ወይም መውረር ከመጣ ያንን ቀን አቆማለሁ፤ ሌላ ቀን ተመልሶ ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሰውነቴ እምቢ ባለበት ቀን፣ እንቅልፍ ባጣሁ ወይም የወር አበባ በመጣ ጊዜ፣ ሦስቱን ብቻ እሠራለሁ፦ 10 ትንፋሽ፣ ድመቷን 6 ጊዜ፣ ባቴን ወንበር ላይ አሳርፎ መተኛት። ሰውነት ሲያርፍ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢውን እደርባለሁ። ስነሣ ወደ ቀኝ ጎኔ ዞሬ 3 ትንፋሽ እጠብቃለሁ፣ በእጄ መሬቱን ገፍቼ እቀመጣለሁ፤ ራሴን የማቀናው በመጨረሻ ነው።