የክሮም ውሃ ላይ ኖራ ብቻ ጨምራችሁ እንዳትለቁ

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የክሮምና የኒኬል ቅብ ቤት አለችኝ፣ ባምፐር፣ የሞተር ጭስ ማውጫ፣ የወንበር እግር እንቀባለን። ይሄን የምጽፈው እኔን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። እቃው ከክሮም ገንዳ ሲወጣ ሮጣችሁ ማጠቢያ ውስጥ አትክተቱት፣ እዛው ገንዳው ላይ ተንጠልጥሎ 20 ሰከንድ ያንጠባጥብ። ቀጥሎ የማይፈስ ውሃ ያለበት ገንዳ ውስጥ ይነከር (የዝናብ ውሃ ይሻላል፣ የቧንቧው ክሎራይድ ክሮሙን ያበላሻል)፣ ክሮሙ በትነት ሲጎድል በዛ ውሃ ትሞሉታላችሁ። ይሄ ብቻ የክሮሚክ አሲድ ግዢዬን በደንብ ቀንሶልኛል፣ ከማጣሪያ በፊት እዚህ ላይ ልፉ።

ያቃጠለኝ ግን የማጠቢያው ውሃ ነው። ሊፈትሽ የመጣው ባለሙያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995ን እየጠቀሰ ተቆጣኝና «ኖራ ጨምርበት፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) ሲስተካከል ልቀቀው» አለኝ። ኖራ ገዛሁ፣ አማሰልኩ፣ የፒኤች መለኪያ ወረቀቱ 8 አሳየ፣ ስሩ ላይ ነጭ ነገር ረጋ፣ ከላይ ያለው ውሃ ግን ቢጫ እንደሆነ ነው። ደውዬ ጠየቅኩት፣ «ፒኤቹ ልክ ከሆነ ችግር የለውም» አለኝ። እኔም ቢጫውን በዓይኔ እያየሁ ሁለት ወር ሙሉ ለቀቅኩት። ቦያችን ቦርከና ነው የሚገባው፣ ወንዙ ደግሞ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፣ እዛ ስንት ከብት ነው የሚጠጣው።

አንድ ቀን ከታች ያሉ አባት መጡና «ልጄ፣ ይሄ እንደ እርድ ቢጫ የሆነው ውሃ ካንተ ቤት ነው እንዴ የሚወጣው? ላሞቼ ይጠጡታል እኮ» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ፣ ምን እላቸዋለሁ። ቦዩን የዛኑ ቀን ዘጋሁት።

ደሴ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው የእህቴ ባል ነው ነገሩን ያስረዳኝ። ቢጫው ባለ 6 ክሮም ነው፣ ካንሰር የሚያመጣው እሱ ነው፣ ኖራ ብታፈሱበት አይረጋም። መጀመሪያ ባለ 3 ወደሚባለው፣ በኖራ ወደሚረጋው ዓይነት ክሮም መቀየር አለበት። አሁን እንዲህ ነው የምሰራው፦ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 2.5 አወርዳለሁ፣ ባለ 6ቱን ወደ ባለ 3 የሚቀይረውን ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ትንሽ በትንሽ እጨምራለሁ (ለ1 ኪሎ ክሮም ወደ 3 ኪሎ ይፈልጋል)፣ ቢጫው ጠፍቶ አረንጓዴ እስኪሆን አማስላለሁ፣ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ፣ ከዛ ነው ኖራው የሚገባው፣ እስከ 8.5። አረንጓዴው ጭቃ ይረጋል፣ ላዩ ይጠራል። ላዩ ቢጫ ካለው ወረቀቱ ምንም ቢል እንዳትለቁት። ሜታባይሰልፋይቱ አሲድ ውስጥ ሲገባ የሚያንቅ ጋዝ ያወጣል፣ የመጀመሪያ ቀን በር ዘግተን ሰራን፣ አብሮኝ የሚሰራውን ልጅ ሲያስለው ዋለ፣ በር ክፈቱ፣ የጋዝ ማስክ አድርጉ። ሳያናይድ ያለበት ገንዳ ያላችሁ ደግሞ ያንን ውሃ ከዚህ አሲድ ጋር በፍጹም እንዳታገናኙት፣ ይገድላል።

ጭቃውን አታቃጥሉት፣ ከኖራ ጋር ሲግል ተመልሶ ባለ 6 ሊሆን ይችላል። እኔ ጣሪያ ስር ፕላስቲክ ላይ አድርቄ በድርብ ማዳበሪያ ጆንያ አስሬ አስቀምጣለሁ። የት ልውሰደው ብዬ ቢሮ ብጠይቅ «ቆሻሻ መጣያ ጣለው» አሉኝ፣ አልጣልኩትም። 11 ጆንያ ሆኗል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።