ጤፍ ስሙን እንዴት አስመለሰ

ሳይንሳዊ ስም ሲባል ብዙ ሰው ለፈተና የሚሸመደድ የላቲን ቃል ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ስሞቹ ያለፉበትን መንገድ መከታተል በጣም ነው የምወደው፤ ከሁሉም በላይ የጤፍን።

አሁን የሚሠራበት ስም ኢራግሮስቲስ ቴፍ ነው። የመጀመሪያው ቃል ጂነሱ ነው፣ ማለትም የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን። እዚያ ውስጥ ከ300 በላይ የሳር ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ማንም የማይዘራቸው። ሁለተኛው ቃል ከነዚያ ሁሉ የትኛው እንደሆነ ይለያል። ይህን ባለ ሁለት ቃል አሰያየም ሥርዓት ያስያዘው ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው፤ የዕፅዋት ስም ቅድሚያም የሚቆጠረው እሱ እ.ኤ.አ. በ1753 ካሳተመው ሥራ ጀምሮ ነው።

በ1775 ዙካኒ የሚባል ጣሊያናዊ ጤፍን ፖአ በሚባል ሌላ የሳር ጂነስ ውስጥ መድቦ ፖአ ቴፍ አለው። የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም እንዳለ ወሰደ ማለት ነው! በ1781 ደግሞ ዣከን የሚባል ሌላ ተመራማሪ ያንኑ እህል ፖአ አቢሲኒካ ብሎ ሰየመው። በኋላ ተክሉ ከፖአ ወጥቶ ወደ ኢራግሮስቲስ ሲዛወር ይዞት የሄደው የዣከንን ስም ነበር፣ ለብዙ ዘመንም ኢራግሮስቲስ አቢሲኒካ እየተባለ ተጻፈ። ደንቡ ግን ለአንድ ዝርያ ሁለት ስም ከወጣለት ቀድሞ የታተመው ይጸናል ይላል። በ1918 ትሮተር የሚባል ተመራማሪ ቴፍን መለሰው። ለዚህ ነው ስሙ በሙሉ ሲጻፍ ዙካኒ በቅንፍ ውስጥ፣ ትሮተር ደግሞ ከቅንፉ ውጭ የሚቀመጡት፤ አንዱ የሰየመው፣ ሌላው ያዛወረው።

ይኸው ደንብ ቡና ላይ ሲደርስ ያናድደኛል። ሊኒየስ ኮፊያ አራቢካ፣ ማለትም የዓረብ ቡና፣ አለው፤ መገኛው ግን የእኛው ደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ስሙ አሳሳች ነው ተብሎ አይቀየርም። ቢያናድደኝም ደንቡን እደግፋለሁ፤ መቶ ዓመት የቆየ የዕፅዋት ናሙና እና ዛሬ የሚታተም ጥናት የሚገናኙት በዚያ ስም ነዋ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ። ነጭ፣ ቀይ፣ ሰርገኛ፣ ማኛ የተለያዩ ዝርያዎች አይደሉም። ገበያ ላይ ዋጋቸው የትና የት ቢራራቅም ሁሉም ኢራግሮስቲስ ቴፍ ናቸው። ተመራማሪዎች በማዳቀል ያወጡት ቁንጮም እንደዚያው።