ከቁጥር 8 በታች፦ የሂንዱና የሙስሊም የጥቅስ ክርክሮችን ሳጣራ የደረስኩበት

«ማን አሸነፈ?» የሚለው ጥያቄ አሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ ሙስሊሙ ሰባኪ ዛኪር ናይክና የሂንዱው መንፈሳዊ መምህር ሽሪ ሽሪ ራቪ ሻንካር በጃንዋሪ 2006 በህንዷ ባንጋሎር ላይ ያደረጉትን ክርክር አይታችሁ ይህንኑ ጠየቃችሁኝ (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የክርክሩ ርዕስ ፈጣሪ በሂንዱና በእስልምና ቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ ማን ነው የሚል ነበር። ናይክ ምዕራፍና ቁጥር በቃሉ እየጠራ ያዘንባል፤ ሻንካር ስለ ፍቅርና ስለ መንፈሳዊ ሕይወት ይናገራል። ጥቅስ የሚቆጥር ለአንዱ ይፈርዳል፣ ንግግሩ የጣመው ለሌላው። እኔ ፍርዱን ትቼ ጥቅሶቹን ማጣራት ከያዝኩ ቆይቻለሁ፤ ሲያስቸግረኝ የከረመውን አንዱን ቋጠሮ በመፍታቴ ደግሞ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል፤ እሱን ላካፍላችሁ።

ጅማሬዬን በአጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ ያነበብኩት ህንድን ይገዛ ከነበረው ከሙስሊሙ የሙጋል ሥርወ መንግሥት ስለ ወጣው ልዑል ስለ ዳራ ሽኮህ ነው። በ1657 ሃምሳ ኡፓኒሻዶችን (የሂንዱ የጥንት የፍልስፍና መጻሕፍትን) ወደ ፋርስኛ ሲመልስ፣ ቁርኣን በ56፥78 «የተጠበቀ መጽሐፍ» የሚለው እነዚህን ነው እስከ ማለት ደርሷል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሥልጣን ሽኩቻ በወንድሙ በአውራንግዜብ ተሸንፎ ተገደለ፤ ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ከሃይማኖቱ ወጥቷል የሚል ነበር። ከዚያ ወደ 1877 ዘለልኩ። በዚያ ዓመት ሰሜን ህንድ ውስጥ ቻንዳፑር በምትባል መንደር የዴኦባንዱ የእስልምና ሊቅ ሙሐመድ ቃሲም ናኖታቪ፣ አርያ ሰማጅ የተባለውን የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር የመሠረተው ዳያናንዳ ሳራስዋቲና የክርስቲያን ሚሲዮናውያን በአንድ መድረክ ተከራክረዋል። ዛሬ በስልካችን የምናየው ሁሉ የዚያ መድረክ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ቋጠሮው። ብዙ ሙስሊም ተከራካሪዎች «የነቢዩ ሙሐመድ መምጣት በሂንዱ መጽሐፍ ተተንብዮአል» ሲሉ ፑራና ከሚባሉት የሂንዱ የአፈ ታሪክ መጻሕፍት አንዱን፣ ብሃቪሽያ ፑራናን ያነሣሉ። አድራሻው ፕራቲሳርጋ ፓርቫ የሚባለው ክፍል፣ 3ኛው ካንዳ (ንዑስ ክፍል)፣ ምዕራፍ 3፣ ከቁጥር 5 እስከ 8 ነው። ገልጬ አየሁት፤ እውነትም ማሃማዳ የሚባል የባዕድ አገር መምህር ከተከታዮቹ ጋር አለ፤ ቦጃ የሚባል ንጉሥም አለ። አድራሻው ልክ፣ ስሙም ልክ። ሂንዱዎቹ «የለም» ሲሉ ሙስሊሞቹ «ይኸው» ይላሉ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ «ይኸው» የሚሉት የረቱ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ከቁጥር 8 በታች ስወርድ ነው። እዚያ ሺቫ የተባለው የሂንዱ አምላክ ለንጉሡ ይናገራል። ንግግሩ መምህሩን የሚያከብር አይደለም፤ ድሮ የጠፋው ትሪፑራ የሚባለው ጋኔን ዳግም እንደተነሣ አድርጎ ነው የሚያወራው። ቀጥሎ ተከታዮቹ የሚገረዙ፣ ጺም የሚያሳድጉ፣ ከአሳማ በቀር ሥጋ የሚበሉ እንደሚሆኑ ይዘረዘራል። አንዱ ወገን ከላይ ቆርጦ ትንቢት ይለዋል፤ ሌላው ከታች ቆርጦ ለስድብ ያውለዋል። ከአንዲት ገጽ!

ሙሉውን ማንበብም ቢሆን አልበቃኝም። እትሙ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። እየተጠቀሰ ያለው ቦምቤይ ውስጥ ቬንካቴሽዋር ማተሚያ ቤት በ1897 ያወጣው ነው። በዚያው ክፍል አዳምና ኖኅ፣ ኢየሱስ፣ ካቢርና ናናክ የተባሉት የህንድ የሃይማኖት መምህራን፣ የሙጋሉ ንጉሥ አክባር፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ሳትቀር ይገኛሉ። ስለ ቪክቶሪያ የሚያወራ ጥንታዊ ትንቢት እንግዲህ! የጥንታዊ ጽሑፍ አጥኚዎች በዚህ ክፍል የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን እጅ እንዳለበት ይናገራሉ። ትንቢት የተባለውም ስድብ የተባለውም ሁለቱ ሃይማኖቶች ለዘመናት ጎን ለጎን ከኖሩ በኋላ የተጻፈ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከሁሉም ይብሳል፦ ይህ መጽሐፍ ማንን ያስገድዳል? ፑራና በሂንዱ ዘንድ ዋነኛ ቅዱስ መጽሐፍ የሆነውን የቬዳን ያህል ሥልጣን የለውም። ዳያናንዳ ደግሞ ፑራናዎችን ጭራሽ አይቀበልም ነበር፤ ስለዚህ አርያ ሰማጅ የሆነን ሰው በብሃቪሽያ ፑራና መርታት አይቻልም። እዚህ ሻርጃ አብሮኝ የሚሠራ የኬረላ ሂንዱ አለ፤ መጽሐፉን ስሙን እንኳ አልሰማም። እነሱ ቤት ካርኪዳካም በሚሉት ወር፣ በክረምቱ ዝናብ፣ የራማን ታሪክ የሚተርከው ራማያና ነው የሚነበበው። ስለ እምነቱ የሚደረገው የቪዲዮ ክርክር እሱን ጭራሽ አያውቀውም።

ከሌላው ወገን ቁርኣን 9፥5ን ውሰዱ። የሂንዱ ተሟጋቾች አጋሪዎችን (በአምላክ ላይ ሌላ የሚያጋሩትን) ግደሉ የሚለውን ብቻ መዝዘው ይጠቅሳሉ። ከላይ ያለው ቁጥር 4 ውሉን ያከበሩትን ለይቶ ያወጣል፤ ከታች ያለው ቁጥር 6 ደግሞ ከአጋሪዎች አንዱ ጥበቃ ቢጠይቅህ ጠብቀው፣ ወደ ሰላም ቦታው አድርሰው ይላል። በ2021 እንዲህ ያሉ 26 አንቀጾች ከቁርኣን ይውጡ የሚል አቤቱታ ለህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ውድቅ አድርጎ አመልካቹን 50,000 ሩፒ አስከፈለው።

መሣሪያዬ አንድ የተሰመረ ደብተር ነው። ጥቅሱ፣ እትሙ፣ ከላይና ከታች ያለው፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚያነቡት። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ስለዚያ ጥቅስ አፌን አልከፍትም። ከቪዲዮ ቅንጫቢ ጥቅስ መማር ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ቅንጫቢ የሚሠራው ለጭብጨባ ነው። (እኔም ማታ ማታ አያለሁ፣ አልዋሽም። ጭብጨባው ደስ ይላል።)

አድልዎ እንዳለብኝም ልናገር። ያደግሁት አንድምታ ሲተረጎም እየሰማሁ ነው፤ አንድ ቃል «አንድም» እየተባለ ሦስት አራት ፍቺ ሲደረደርለት ለጆሮዬ ጤናማ ነው። ስለዚህ «ትርጉሙ ይህ ብቻ ነው» የሚል ሰው፣ ሂንዱም ይሁን ሙስሊም፣ ገና ሳይጨርስ እጠራጠረዋለሁ። ይህ ደግሞ ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም፤ አንዳንዱ ጥቅስ በእርግጥም አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል። ሳንስክሪትም ዓረብኛም አላነብም፣ በትርጉም ነው የምሄደው፤ ምክሬን በዚያው ልክ ውሰዱት።

አሁን የያዝኩት የዳያናንዳን «ሳትያርት ፕራካሽ» ምዕራፍ 14 ነው፤ ቁርኣንን አንቀጽ በአንቀጽ የሚተችበት። መውላናዎች (የሙስሊም ሊቃውንት) ወደ ኡርዱ የመለሱትን ወደ ሂንዲ አስገልብጦ ነው የሠራበት፤ ትርጉሙ ተሳስቷል የሚል ካለ አስቀድሞ የመውላናዎቹን ትርጉም ይተች ብሎም ጽፏል። ብልጥ አጥር ነው። የሙስሊም ሊቁ ሰናኡላህ አምሪትሳሪ በ1900 «ሐቅ ፕራካሽ» ብሎ መልሶለታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ መልሱ ግን በኡርዱ ነው። ከመካከላችሁ ኡርዱ የሚያነብ፣ ወይም የሚያነብ ጎረቤት ያለው ካለ፣ በመጀመሪያዎቹ አንቀጾች እንጀምር።