ከቶሮንቶ የገና ሣጥን ጋር

ዲሴምበር ላይ ቶሮንቶ ስገባ ብርዱ አጥንት ድረስ ዘለቀ። ዳንፎርዝ ጎዳና ካሉት የሀበሻ ቤቶች በአንዱ ቡና እየጠጣን፣ የአክስቴ ልጅ «ነገ የልጆች የገና ሣጥን አደርሳለሁ፤ አብረኸኝ ና» አለኝ። ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ሣጥኑ የሚመጣው ከቶሮንቶ ስታር ጋዜጣ የሳንታ ክሎስ ፈንድ ነው። አንባቢዎች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በጎ ፈቃደኞች በየመኪናቸው ጭነው ቤት ለቤት ያደርሳሉ። ውስጡ ሞቅ ያለ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ካልሲ፣ መጽሐፍ፣ መጫወቻና ጣፋጭ አለው። እኔ የወደድኩት ጓንቱን ነው። በዚያ ብርድ ጓንት የሌለው ልጅ ከቤት ወጥቶ መጫወት አይችልም።

ሣጥኑን ባደረስን ማግስት በ401 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነድተን ኒውካስል ደረስን። ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የፈንዱ መሥራች ጆሴፍ አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1865 የተወለደው እዚህ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። እናቱ ቤቷ ውስጥ ሠራተኞችን እያሳደረችና እየመገበች ስምንት ልጆች አሳደገች። አንድ ቀን እኩዮቹ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ዳር ቆሞ ያያል። አንዲት ሴት ለምን እንደማይጫወት ጠየቀችው። መንሸራተቻ ጫማ የለኝም አላት። ገዛችለት።

ያ ልጅ አድጎ የጋዜጣው አሳታሚ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ፈንዱን ጀመረ። ዛሬ ሣጥኑ በየዓመቱ ከ40 ሺህ በላይ ልጆች ጋ ይደርሳል።

ልቤን የነካው ግን አሰጣጡ ነው። ያን ቀን ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ወጥተን አንኳኳን። እናትየው ከፈተች፤ ሣጥኑን ተቀበለች፤ «መልካም በዓል» ተባባልን። አለቀ። ሰልፍ የለም፣ ካሜራ የለም፣ ንግግር የለም። እኛ አገር በበዓል ሰሞን ልጆችን አሰልፎ፣ ደብተር አስይዞ ፎቶ ማንሳት በዝቷል። ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጓደኞቹ ያንን ፎቶ ያዩታል። ይህ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ተመካከርን። ለታኅሣሥ 29 ሹራብና ጫማ ከመርካቶ እንገዛለን። የተቸገረውን ቤት የሰፈራችን እድር ያውቀዋል። ሲመሽ፣ በየደጁ እናደርሳለን።