ተዋት፣ ትጠጣ

«መመሪያ አይቀበልም» የምትለዋ ስለ እኔ የተጻፈች የሪፖርት መስመር ዛሬም ታንገበግበኛለች። ስለዚያች ጀልባ መመሪያ የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

ኖርዌይ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ለቋንቋ ልምምድ የተመደብኩት በምዕራቡ ጠረፍ፣ በአንዲት የወደብ ከተማ፣ በቅርስነት ተጠብቆ እስካሁን ሥራ ላይ ባለ የእንጨት ጀልባ ወርክሾፕ ነው። ባሕር ዳር እያለሁ አናጢ ነበርኩ፤ እንጨት አውቃለሁ ብዬ ነው የገባሁት። የእነሱ ጀልባ ሳንቃዎቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይደራረባሉ። በመካከላቸው ቅጥራን የጠጣ የሱፍ ክር ይገባል፤ የመዳብ ሚስማሩ ከውጭ ይመታና ጫፉ ከውስጥ በመዳብ ሮንዴላ ላይ ይቀጠቀጣል። ከውጭ አንዱ ብረት ደግፎ ካልያዘ ሌላው ከውስጥ መቀጥቀጥ አይችልም። ስለዚህ እኔና ሽማግሌው ባለሙያ ቀኑን ሙሉ በአንድ ሳንቃ ወዲህና ወዲያ ሆነን ነበር የምንውለው። እሳቸው ንድፍ ሲያዩ አይቼ አላውቅም፤ ዓይናቸውና ምልክት የተቀረጸባት አንዲት ዘንግ ይበቋቸዋል። ዩኔስኮ በ2021 እ.ኤ.አ. የአምስቱን የኖርዲክ አገሮች ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይህንኑ ጥበብ ነው።

ሰኔ ላይ እሳቸው ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ወጡ። ጥላው ሥር አንዲት አሮጌ ባለ አራት መቅዘፊያ ጀልባ ነበረች፤ እርጥብ ጆንያ ተጥሎባታል፣ ሆዷ ውስጥ ውሃ አቁራለች። ሰው የረሳት መሰለኝና አሳዘነችኝ። በዚያ አገር ስንት ቀን ተጠብቆ የሚገኘው ፀሐይ ወጥቷል። ውሃዋን ደፍቼ፣ ጎትቼ አውጥቼ፣ ግድግዳ አስደግፌ አሰጣኋት። በአራተኛው ቀን በሳንቃዎቹ መካከል ብርሃን አየሁ። ደነገጥኩ። መደርደሪያው ላይ ያገኘሁትን ስቱኮ አንስቼ ስንጥቁን ሁሉ ደፈንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አለሰለስኩ። እጄ ያስለመደኝን ሁሉ ነው የሠራሁላት።

ሽማግሌው ተመልሰው ሲያይዋት ዝም አሉ። በአውራ ጣታቸው መጋጠሚያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት።

«ማን አድርቃት አለህ?»

«ማንም አላለኝም። እኛ አገር ታንኳ ይደርቃል።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ተቀመጡ። «እስቲ ንገረኝ» አሉ። በዚያ በተሰባበረ ቋንቋዬ ነገርኳቸው፦ የጣና ታንኳ ከደንገል ነው የሚታሰረው፣ ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ ከሐይቁ ወጥቶ፣ ቆሞ ፀሐይ ይመታዋል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል።

«ጣና? ሄየርዳል ለ‹ራ› ደንገሉን ያስመጣው ከዚያ አይደል እንዴ!»

አላውቅም ነበር። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ተነስቶ አትላንቲክን ሊሻገር የሞከረባት «ራ» የተባለች የደንገል ጀልባ ከእኛ ሐይቅ በሄደ ደንገል መሠራቷን፣ በዓመቱ ባርቤዶስ የደረሰችው «ራ 2»ም ኦስሎ ሙዚየም ውስጥ መኖሯን የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው። ልጅነቴን ሙሉ ዳር ላይ ቆመው ሲደርቁ ያየኋቸው ታንኳዎች ትዝ አሉኝና ዓይኔ እንባ ሞላ።

«የእኛዋ ግን ተቃራኒ ናት» አሉኝ። «የምትሞተው ስትደርቅ ነው።» እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንዲህ የሳሳችውን ጀልባ «ጊሰን» ይሏታል። መድኃኒቷ ውሃ ነው። ውሃ ስትጠጣ ሳንቃው አብጦ ራሱ ይገጥማል። ስቱኮ ጠንክሮ ቦታውን ከያዘ ግን እንጨቱ የሚያብጥበት ያጣል፤ ያኔ ወይ ሳንቃው ይሰነጠቃል ወይ ሚስማሩ ይላቀቃል። የደፈንኩትን ሁለት ቀን ሙሉ ስፍቅ ዋልኩ። ወደ ባሕር ስናወርዳት በደቂቃዎች ውስጥ እስከ ከንፈሯ ሞላች። ባልዲ ይዤ ስሮጥ ክንዴን ያዙኝ።

«ተዋት፣ ትጠጣ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምደባችንን የሚከታተለው ወጣት ከቢሮው የመጣው በማግስቱ ነው። ውሃ ሞልታ የታሰረችውን ጀልባ አየ፣ አንዱን ሠራተኛ ምን ሆና ነው አለው፣ ጻፈ፣ ሄደ። እኔ እዚያው አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ሳልጠይቅ መንካቴ ጥፋት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ወርክሾፕ ሳልጠይቅ የማነሳው ነገር የለም። እሱ ግን ሳይጠይቀኝ የጻፈውን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃውን ቀድተን አወጣንና ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ ወርጄ ወለሏን በመዳፌ ዳሰስኩ። ደረቅ ነበር።

ሪፖርቱ በእጄ ሲደርስ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ታንኳ እንዴት እንደሚደርቅ ጠይቆሃል?»

«አልጠየቀኝም።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና የመደገፊያውን ብረት አቀበሉኝ። ወደ ውጭ ዞሬ ያዝኩላቸው።