ታኅሣሥ ላይ ያፈሰሰው ጣሪያ

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ አልሞክርም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት፤ ይበቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። እንዲህ ባለ ቦታ ትኩስ ሻወር የወሰደ ሰው እንፋሎቱን መውጫ ካላበጀለት ግድግዳው ላብ ያልበዋል። ሳይቆይ የኮርኒሱ ጥግ በሻጋታ ይጠቁራል።

"መስኮት ክፈቱ" ይላል ሁሉም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እርጥብ ገላውን ይዞ መስኮት የሚከፍት ሰው እኛ ከተማ ጠባሴ ሰፈር ውስጥ ካለ አስተዋውቁኝ።

ስለዚህ አየር ማስወጫ ፋን ላስገጥም ወሰንኩ። አዲስ አበባ ለጉዳይ በሄድኩበት መርካቶ ገብቼ ባለ 4 ኢንች ገዛሁ። እዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

ባለሙያ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። "ሲኦሲ ያለው ቅጠር፣ ከሌላው ተጠንቀቅ" ተባልኩ፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ማለት ነው። የታዘዝኩትን አደረግሁ። የመጣው ልጅ ወረቀቱን አሳየኝ፣ ሥነ ሥርዓት ያለው ነው፣ ጫማውን እንኳ በር ላይ አወለቀ። ኮርኒሱን በልኩ ቆረጠ፣ መስመር ሳበ፣ ኧርዙን አሰረ፣ ፋኑን ገጠመ። ሲጨርስ ሶፍት ቀዶ ወደ ፋኑ አስጠጋ። ሶፍቱ ልጥፍ አለ።

"ጋሼ፣ እንዴት እንደሚስብ አዩልኝ?"

አየሁ። ደስ አለኝ። ከተስማማነው ላይ 100 ብር ጨምሬ ሸኘሁት። የመረከቢያ ወረቀት ላይም ፈረምኩ። ያቺን ፊርማ አስታውሱልኝ።

ለሦስት ሳምንት ያህል መስታወቱ እንኳ ጉም አይዘው። ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ኮርኒሱ ላይ የቡና ስኒ የሚያክል ቢጫ ነገር አየሁ። በነጋታው የምጣድ አክንባሎ አከለ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ ጀመረ።

እኔ ደግሞ ምን አልኩ? "ቆርቆሮው አፈሰሰ።" የቆርቆሮ ሠራተኛ ጠራሁ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ አንኳኳ፣ "ሚስማሩ ላልቷል" አለ፣ የተወሰነውን ቀየረ፣ በሲሊኮን ደፈነ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ ጠብ፣ ጠብ። ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ደፈነ። እንደገና ከፈልኩ።

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነገሩን ስታይ ከርማለች። "አንተ፣ ዝናብ መቼ ዘነበና ነው ጣሪያው የሚያፈሰው?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ወራት አልፏል። አንድ የተማረ ጎልማሳ በበጋ የዝናብ ቀዳዳ እያስደፈነ ገንዘቡን ሲበትን አስቡት። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ከዚያ በኋላ ልብ አልኩ። ሌሊት አንድም ጠብታ የለም። ጠብታው የሚጀምረው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታገኘው ነው። እሑድ በማለዳ መሰላል አቁሜ፣ የስልኬን ባትሪ አብርቼ፣ በኮርኒሱ መግቢያ አንገቴን አሾለኩ። ከቆርቆሮው በታች ያለው ሁሉ ነጭ ነው። አመዳይ! የእያንዳንዱ ሚስማር ጫፍ በረዶ አንጠልጥሏል። የፋኑ አፍ ደግሞ ወደ ላይ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። ቱቦ የለውም። የቤተሰቡን ሻወር እንፋሎት በሙሉ እዚያው ኮርኒስና ቆርቆሮ መሃል ሲተፋ ነው የከረመው። እንፋሎቱ የቀዘቀዘ ብረት ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፣ ሌሊት በረዶ ይሆናል፣ ፀሐይ ስትወጣ ቀልጦ ይወርዳል። ቺፑዱን በጣቴ ነካ ሳደርገው ጣቴ እንደ ቂጣ ሊጥ ሰምጦ ገባ። እንጨቱም ጠቁሯል።

ሶፍቱ ፋኑ እንደሚስብ ነገረኝ እንጂ የሳበውን የት እንደሚያደርሰው አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ፋኑን ለገጠመው ልጅ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ፋን ግጠም ነው ያሉኝ። ቱቦ አልገዙም እኮ" አለ፣ በትሕትና። ይበልጥ ያናደደኝ ትሕትናው ነው። ቱቦ እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው እኔ ነኝ እሱ? ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጠዋት "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ ከሰዓት "ነገ ና"። በሦስተኛው ቀን አንዱ የመረከቢያ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ "ሥራውን ተረክበህ ፈርመሃል" አለና መለሰልኝ። አበቃ።

ሁለተኛውን ባለሙያ ስመርጥ ወረቀት አልጠየቅሁም። የሚመክሩት ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ከዓመት በፊት ጎረቤት ቤት የሠራውን ሄጄ አየሁ፤ ኮርኒሱ ደረቅ ነው፣ ጥጉ አልጠቆረም። ወረቀት ፈተና ማለፉን ይነግርሃል፤ ክረምትና በጋ ያለፈበት ሥራ ግን አይዋሽም። ልጁ ከፋኑ አፍ ላይ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ (የፕላስቲክ) ቱቦ ተነሥቶ ግድግዳውን በስቶ ደጅ እንዲወጣ አደረገ። በውስጡ የሚጠራቀም ውሃ ወደ ፋኑ እንዳይመለስ ቱቦውን ወደ ውጭ ትንሽ አዘቀዘቀው። ጫፉ ላይ ፋኑ ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋ ክዳን አደረገበት፤ የኛ ነፋስ በዚያ ቀዳዳ ቢገባ ሻወር ቤቱ ፍሪጅ ይሆናል። የበሩንም ታች አንድ ጣት ያህል ቆረጠው። አየር መግቢያ ከሌለው ፋኑ የሚያስወጣውን ከየት ያመጣል? ፋኑ ከታጠብን በኋላም 20 ደቂቃ ያህል እንዲሠራ የራሱን ማብሪያ ማጥፊያ ለየለት።

ሳይከፈለው በፊት ልጁን ሻወር ቤት አስቀርቼ ደጅ ወጣሁ። "አብራው!" አልኩ። መዳፌን ቱቦው አፍ ላይ ዘረጋሁ። እርጥብና ሞቅ ያለ አየር መታኝ። ከፈልኩ።

አዲሱ የኮርኒስ ቁራጭ ከአሮጌው ይበልጥ ነጭ ስለሆነ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል። እናቴም ማንም ሳይጠይቃት ታሪኩን ትጀምርለታለች፤ ሁልጊዜም ከቆርቆሮ ሠራተኛው ነው የምትጀምረው።