ገመዱን ማን ቆጠረው?

ልጁ ሐሙስ ጠዋት ሲመጣ ጉልበቱ ውሃ ቋጥሯል። ረቡዕ ከሰዓት ከፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ሲወጣ ደህና ነበር፤ ሕመም የለ፣ ማነከስ የለ። የ21 ዓመት የእግር ኳስ የክንፍ ተጫዋች ነው። ኤሲኤሉ፣ ማለትም የጉልበቱ የፊት መስቀለኛ ጅማት፣ በቀዶ ሕክምና ከተሠራለት 18ኛ ሳምንቱን ይዟል፣ የተተከለለት ጅማት ከራሱ ጭን የኋላ ክፍል የተወሰደ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ አስተኝታ፣ እግሩን አዘርግታ ፈተሸችው። በጉልበቱ የውስጥ ጎን ያለውን ፈሳሽ በመዳፏ ሁለት ሦስቴ ወደ ጭኑ ጠረገችው። በውጭው ጎን መልሳ ወደ ታች ልትጠርግ እጇን ስታዞር፣ ገና ሳትነካው ውስጠኛው ጎድጓዳ በራሱ ሞላ። ይህ በጉልበት ፈሳሽ መለኪያው ሁለት ፕላስ ነው። ረቡዕ ከመጀመራቸው በፊት የነበረው ግን ወደ ታች ሲጠረግ ብቻ ትንሽ ሞገድ የሚያሳይ፣ ትሬስ የምንለው ነበር። አንድ ፕላስን አልፎ በአንድ ሌሊት ሁለት ደረጃ ወጣ።

የሕክምና ወረቀቱ ቢገላበጥ ስህተት አይገኝበትም። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። በእግር ማንሻው ማሽን 10 ጊዜ ሊያነሳ የቻለው ትልቁ ክብደት በጤነኛው እግር 50 ኪሎ፣ በተሠራው 41 ኪሎ ነው፤ 82 በመቶ ማለት ነው፣ ክፍሉ ዝላይ ለማስጀመር የሚጠይቀው ደግሞ 80 ነው። በአንድ እግሩ 30 ሴኮንድ ይቆማል፤ በአንድ እግሩ ዝቅ ሲል ጉልበቱ ወደ ውስጥ አይሰበርም። የረቡዕ ሥራው 40 ንክኪ ነበር፣ ማለትም እግሩ ዘሎ መሬት የሚነካበት ጊዜ ብዛት፦ ባለበት በሁለት እግር ዘሎ አርፎ 3 ሴኮንድ መቆየት፣ 8 በ2 ዙር፤ ከ15 ሴንቲሜትር መወጣጫ ወርዶ ማረፍ፣ 6 በ2 ዙር፤ ወደ ፊት ዘሎ ማረፍ፣ 6 በ2 ዙር። ሁሉም ስስ የጎማ ምንጣፍ ላይ ነው። ወፍራሙን ስፖንጅ አላነጠፈችም፤ እግር ይሰምጥበታል፣ ቁርጭምጭሚት ይናጋበታል።

ከመጀመራቸው በፊት ደግሞ ጠይቃዋለች። «ዛሬ የዘለልከው ነገር አለ?» «የለም ዶክተር።» ይህም ተጽፏል።

ሐሙስ ዕለት ጥያቄውን ከሌላ በኩል ጀመረች።

«ትናንት ከዚህ ከወጣህ በኋላ የት ሄድክ?»

«ቤቴ ነው የገባሁት።»

«ሰርግ? ጭፈራ?»

«ኧረ የለም።»

«ወደዚህ ከመምጣትህ በፊትስ? ጠዋት?»

«ጠዋት ትንሽ አሟሟቅሁ እንጂ ምንም አልዘለልኩም።»

«በምን አሟሟቅህ?»

«በገመድ ዝላይ።»

ቃሉን ራሱ የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ትንሽ ዝም አለና፣ «እሱ እኮ ማሟሟቂያ ነው፤ ኮች ለሁላችንም የሚያዘው ነው» አለ። አልዋሸም። በሜዳው ቋንቋ ዝላይ ማለት ሣጥን፣ መሰናክል፣ በጭንቅላት መግጨት ነው፤ ገመድ ላብ ማውጫ ነው።

ለጓደኞቹ ሊልክ በስልኩ የቀረጸው ቪዲዮ ስለነበረ አብረው ተቀምጠው ቆጠሩት። በደቂቃ 112። ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ዙር ሠርቷል። 672 ንክኪ፣ ሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ሴራሚክ፣ ሶሉ ባለቀ ጫማ። ወረቀቱ ላይ 40 የሚል ሰፍሯል፤ ጉልበቱ የተሸከመው 712 ነው። ጤነኛ ሆኖ ለሚጀምር ስፖርተኛ እንኳ በአንድ ቀን የሚመከረው ከ80 እስከ 100 ንክኪ ነው።

እርግጥ የገመድ ንክኪ ከሣጥን እንደመውረድ ከባድ አይደለም፤ እግር ከመሬት የሚነሳው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ነገሩ ግን ቁጥር ብቻ አይደለም። ረቡዕ በወረቀቱ የታዘዘለት ማረፍ ነበር፦ መጣ፣ ኃይሉን ዋጠ፣ ቆመ። ፕላዮሜትሪክ የሚባለው ግን ጡንቻው እየተለጠጠ ኃይሉን ተቀብሎ፣ ሳይዘገይ ተኮማትሮ መልሶ ሲተኩስ ነው። ያንን ደረጃ ልጁ ገና አልተፈቀደለትም። የገመድ ዝላይ ግን ከመጀመሪያው ንክኪ እስከ መጨረሻው እሱው ነው። ማሟሟቂያ የተባለው እውነተኛው ፕላዮሜትሪክ ሆኖ፣ ፕላዮሜትሪክ ተብሎ የተጻፈው ደግሞ የማረፍ ልምምድ ነበር። በዚያ ላይ ከሰዓት ሲመጣ ባቱ ደክሟል፤ ሲያርፍ ባቱና ቁርጭምጭሚቱ ሊውጡት የሚገባው ድርሻ ወደ ጉልበቱ ወጥቷል።

ሕመም አልነበረውም የሚለው ብዙ ሰው የሚያሞኘው ነው። የጉልበት መጋጠሚያ ቅሬታውን በአብዛኛው የሚያሳየው በማግስቱ ነው፤ ስለዚህ ፍተሻው ከሥራው በፊትና በኋላ ብቻ ሳይሆን በ24 ሰዓቱም ያስፈልጋል። ውሃ የቋጠረ ጉልበት ደግሞ የፊት ጭን ጡንቻን ያስተኛዋል። ሰውየው እየገፋ ያለ ይመስለዋል፣ ጡንቻው ግን በሙሉ አቅሙ አይጠራለትም። በዚያ ሁኔታ የሚቀጥለውን ዝላይ ማዘዝ ፍሬን በላላ መኪና ቁልቁለት መውረድ ነው።

አሰልጣኙ በስልክ ሲነገረው፣ «ገመድ ምን አለው? ሕፃናት የሚዘሉት ነው። ልጁ አምስት ወር ሊሞላው ነው፣ ሌሎቹ በዚህ ጊዜ ኳስ ጀምረዋል» አለ። ተጫዋቹን ስለሚፈልገው ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ሕፃናት ሰኞ ማክሰኞም ይጫወታሉ፤ በአንድ እግር ተከታታይ ዝላይ ነው፣ በዚህ ሕክምና ውስጥ ወራት ቆይቶ የሚመጣ ሥራ ነው። የወሩም ነገር ቢሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴላዌርና የኦስሎ ጥናት እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስ በዘገየበት በእያንዳንዱ ወር ዳግም የመጎዳት መጠን በ51 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከሣጥን ወርዶ የመተኮስን ዘዴ በ1960ዎቹ ያደራጀው የሶቪየቱ ዩሪ ቬርኮሻንስኪም ያዘጋጀው በክብደት ለዓመታት ለተገነቡ፣ ጉልበታቸው ጤነኛ ለሆነ ስፖርተኞች ነው። እሷም ይህንኑ አንድ በአንድ ነገረችው፤ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ሳትለሳለስም።

ዝላይ ቆመ። በረዶ፣ የመጭመቂያ ፋሻ፣ እግርን ከልብ በላይ አድርጎ መተኛት፣ ጉልበትን ሳያንቀሳቅሱ የፊት ጭንን መወጠር። በስድስተኛው ቀን ፈሳሹ ወደ ትሬስ ተመለሰ። በ40 ሳይሆን በ24 ንክኪ ጀመሩ፣ በመካከሉ 72 ሰዓት እረፍት፤ ከሁለት ተከታታይ ጊዜ በኋላ ጉልበቱ ሳይነፋ ሲያድር ወደ 32 ከፍ አለ። ገመዱ የተመለሰው ብዙ ቆይቶ ነው፦ 20 በ3 ዙር፣ ምንጣፍ ላይ፣ በሁለት እግር፣ ከቀኑ ድምር ውስጥ ገብቶ።

ወረቀቱ ላይ የነበረው «የዘለልከው ነገር አለ?» የሚለው ጥያቄ ተሰርዞ፣ በምትኩ ገመድ፣ ደረጃ፣ ጭፈራ፣ ኳስ፣ ሩጫ ተብሎ በየስሙ ተዘረዘረ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የቁጥር ቦታ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ገና ጫማውን ሳይፈታ፣ «ዶክተር፣ ትናንት ታክሲው ሳይቆም ወረድኩ። በተሠራው እግሬ ነው ያረፍኩት» አላት። አንድ ብላ ጻፈችና፣ አስተኝታ ጉልበቱን መጥረግ ጀመረች።